ሳዶቅ የተባለው ሣር

ጎሽ ውሃ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳዶቅ፣

ይህ ወረቀት ባሕሩን ተሻግሮ ሲደርስህ ጤናህ የተጠበቀ፣ ሥራህ የቀና፣ የዚያ አገር ብርድም የራራልህ ሆኖ ያግኝህ። እኛ ጎሽ ውሃዎች ከነጉድለታችን አለን። የኔ ጆሮ ግን ጨርሶ ከድቶኛል። ልጄ ሳባ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ ብትጮህም የምሰማው የንብ ድምፅ ነው። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት የቀበሌ ጸሐፊ ሆኜ የኖርኩበትን ብዕር እንደገና አነሣሁ። አንተም በወረቀት መልስልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሁለቱንም ሆኛለሁ።

የምጽፍልህ ስለ ሐይቃችን ነው። ዋና የተማርክበት ውሃ ታሟል። የተቀቀለ ጎመን ውሃ መስሏል። ጠዋት ጠዋት ቆሮሶው ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ዳር ይወጣል፤ ሽታው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይገባል። ከላይ ካለው እርሻ ማዳበሪያው በክረምት ታጥቦ ይመጣል፤ ከታች ከተማው ልብሱንም ባጃጁንም የሚያጥበው እዚሁ ነው። ከማኅበራችን ሠላሳ ሁለት ታንኳዎች ግማሾቹ ዳር ተደፍተው ፀሐይ ሰንጥቋቸዋል። እኔም የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ተብዬ የማስተዳድረው ሽታ ሆኗል።

አንተ ሎንዶን ውስጥ የሐይቅ መሐንዲስ መሆንህን አገር ያውቃል። ነጭ የመሐንዲስ ቆብ አድርገህ ጀልባ ላይ የቆምክበትን ፎቶ ማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ሰቅለነዋል። በሥጋ ያባትህ ያጎት ልጅ ብሆንም ያሳደግሁህ እኔ ነኝና አፌን ሞልቼ እጠይቅሃለሁ፤ የፈረንጁን ሐይቅ እንዴት እንደምታድኑት ዘርዝረህ ጻፍልኝ። መልስህን በጉባኤ አነበዋለሁ። ከውጭ የመጣ ደብዳቤ እዚህ የአንድ ሰው እንዳልሆነ ታውቃለህ።

አባትህን በደጉ ቀን የጠራ አምላክ አንተን በሰው አገር አይጣልህ።

አጎትህ ዘውዴ


ሎንዶን፣ ክሮይደን፣ 27 ኖቬምበር 2022

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ዘውዴ፣

ደብዳቤዎ በበሩ ሥር ሲገባ የእጅ ጽሑፍዎን ከሩቅ አወቅሁት፤ ሳላስበው ተነሥቼ ቆምኩ። የእርስዎን፣ የሳባን፣ የጎረቤቱን ሁሉ ጤና እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱም ገና አልጠናም።

ስለ ጎሽ ውሃ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ጋሼ፣ የሐይቅ ሕመም ከላይ የሚታየው አረንጓዴ አይደለም፤ ከወለሉ ነው። አሁን ሃክኒ በሚባለው ሰፈር አንድ የፓርክ ሐይቅ እየሠራን ነው። ስንት ዘመን ሙሉ የዛፉ ቅጠል፣ የወፉ ኩስ፣ ሕዝቡ ለዳክዬ የሚወረውረው ዳቦ ሳይቀር ከሥር ተከማችቶ ጭቃ ሆኗል። በጋ ሲመጣ ያ ጭቃ አረንጓዴውን ይቀልበዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምናክመው ጭቃውን ነው። ሸክላ የመሰለ ግራጫ ዱቄት በውሃ በጥብጠን ከጀልባ ላይ እንረጫለን፤ ሰምጦ ወለሉ ላይ ይተኛና ከጭቃው የሚወጣውን ምግብ ይዞ ያስቀረዋል። ውሃው ትንሽ ሲገለጥ ደግሞ ከውሃ በታች የሚኖሩ ሣሮች እንተክላለን። ሣሩ የተረፈውን ምግብ ይጠጣል፣ ጭቃውን በሥሩ ይይዛል፣ ለዓሣ ጫጩትም መደበቂያ ይሆናል። አረንጓዴው የሚበላው ያጣና ይሞታል። ዱቄቱ ግን ለማኅበር አቅም የሚሆን አይደለም፤ እዚህም የሚቻለው መንግሥት ስለያዘው ነው።

እኔ የማዘው ቡድን ስምንት ሰው ነው። ጎበዞች ናቸው።

ፎቶውን ባይሰቅሉት ይሻል ነበር። እኔ ፎቶ ላይ አላምርም።

ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ሳዶቅ


ጎሽ ውሃ፣ ጥር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳዶቅ፣

ጥምቀትን በሰላም አክብረን፣ ታቦቱን በሰላም አስገብተን፣ አንተንም በስም ጠርተን አስመርቀንሃል። ሰላምታችን እንደ ፖስታው ሳያዘግም ይድረስህ።

ደብዳቤህን በጉባኤ አነበብኩት። "የማዘው ቡድን ስምንት ሰው ነው" የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ የሚባለውን ሳባ አጠገቤ ሆና በወረቀት እየጻፈች ታሳየኛለች። ዓሣ ሻጯ ዓባይ፣ ለአፏ ዳገት የሌላት፣ "ፈረንጅ የሚያዝ ልጅ አሳድገህ ለኛ ግን አንድ ቀን ሳትታዘዝልን!" ብላ ሰውን አሳቀችብኝ። እኔ ግን ደስታዬን መደበቂያ አጥቼ ነበር።

አንድ ሰው ብቻ ነገሩን አቀዘቀዘው። ኃይለመለኮት ይባላል፤ የወረዳው የዓሣ ባለሙያ ነው። "የጣናን እምቦጭ አንርሳ፤ ከሩቅ የመጣ ነገር ዝም ብሎ ውሃ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ በገንዳ ይታይ። ደግሞ ወንዙ መግቢያ ላይ የራሳችን ሣር አለ" አለ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ መጽሐፍ አብዝቷል። እኔም "እምቦጭን የላከው መሐንዲስ አይደለም፤ ነገሩን ለኔ ተዉት" አልኩና ዘጋሁት።

ዱቄቱ ይቅርብን። ሣሩን ላክልን። እንዲያው ለዘር ያህል፣ አንድ እቅፍ።

ዘመንህ የምርት ይሁን።

አጎትህ ዘውዴ


ሎንዶን፣ 26 ማርች 2023

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎንስ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ቶሎ የሚጻፍ መልስ አልነበረም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጡልዎ እትዬ ፍቅርተማርያም ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው፤ ካምደን ሆስፒታል ውስጥ ይሠራሉ፤ ትውልዳቸው እናንተ ዘንድ ከከተማው ነው። ለፋሲካ ሲገቡ ሣሩን በሻንጣቸው፣ ለሕፃናት ከገዙት ልብስ መሐል አድርገው ይዘውልኛል። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ ሁለት ፌስታል ደርቤበታለሁ። የሐይቅ መድኃኒት ነው ብያቸዋለሁ።

ሥሩን በጭቃ ድቡልቡል ጠቅልላችሁ፣ ደረት በሚደርስ ውሃ ላይ፣ በክንድ ርቀት ጣሉት። ምርጥ ሣር ነው። ኃይለመለኮት የተባለው ሰው ያለውን እርስዎ ያውቃሉ፤ በገንዳ ማየትም ክፋት የለውም።

ትንሣኤውን በደስታ ያሳይዎት።

ሳዶቅ


ጎሽ ውሃ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለኩራቴ ለሳዶቅ፣

ዛሬ እንደ ልማዴ በምርቃት አልጀምርም፤ በወሬ እጀምራለሁ። ትናንት ወገቤ ድረስ ገብቼ ቆሜ የእግሬን ጣቶች ቆጠርኩ። አሥር ናቸው! አምስት ዓመት ሙሉ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

የኃይለመለኮትን ነገር ጨረስኩት። በፋሲካ ማግሥት ቄስ ገብረመድኅን ጸሎት አድርሰው፣ አስጋሪው ሁሉ ተሰልፎ፣ ሣሩን እንዳዘዝከው ተከልነው። በወሩ አረንጓዴው መሳሳት ጀመረ። በሦስተኛው ወር ውሃው ጠራ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የኛ ሐይቅም ተከተላቸው። ስለዚህ ሣሩን በጉባኤ ስም አወጣሁለት፤ "ሳዶቅ" ብዬዋለሁ። አሁን ሰው ሁሉ የሚጠራው በዚያ ነው። "ሳዶቅ ዛሬ አደገ?" ይላሉ። እኔ ከንፈራቸውን እያየሁ እስቃለሁ።

ስምህ ከዚህ ውሃ አይጥፋ።

አጎትህ ዘውዴ


ሎንዶን፣ 15 ኦክቶበር 2023

ለተከበሩ አጎቴ፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልዎ። ውሃው በመጥራቱ ደስ ብሎኛል።

ስሜን ከሣሩ ላይ ቢያነሡልኝ ግን እወዳለሁ። ሌላ ስም አይጠፋም።

ደግሞ ጋሼ፣ ሣሩ ከታንኳ ማሰሪያው ካለፈ ይነቀል። የተነቀለውን ውሃ ውስጥ አይተዉት፤ ቁራጭ ሳይቀር ወደ ደረቅ አውጥታችሁ አቃጥሉት። ለጥንቃቄ ያህል ነው።

ሥራ በዝቶብኝ አጭር ሆነ።

ሳዶቅ


ጎሽ ውሃ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሳዶቅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሁላችንም አለን።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህ ሣር እናንተ ዘንድ ስንት ክንድ ይረዝማል? ልክ አለው? ክረምቱን ሙሉ እንደዚህ ነው ወይስ ይተኛል?

የሚያልፍ መንገደኛ ካገኘህ ውሃ የማያስገባ ጠንካራ የእጅ ጓንት ላክልኝ፤ ሃያ ጥንድ ያህል። ለማኅበሩ ሥራ ነው።

ዘውዴ


ሎንዶን፣ 19 ሜይ 2024

ለተከበሩ አጎቴ፣

መልሴ አራት ወር ያህል ዘገየ። ምክንያት አልደረድርም። ጓንቱን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ልኬያለሁ፤ ሳባ ከዘመዶቹ ትረከበዋለች።

ሣሩ እኛ ዘንድ ልክ አለው። እዚህ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ያ ያስተኛዋል።

እዚህ ዝናብ ነው። ባቡሩ በሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ሁለት ቀን ቆሞ በአውቶቡስ ነው የምንቀሳቀሰው። ሌላ ወሬ የለኝም።

ሳዶቅ


ጎሽ ውሃ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሳዶቅ፣

ጓንቱ ደርሷል። አመሰግናለሁ።

የኛ ውሃ አይቀዘቅዝም።

ከእንግዲህ ምንም አትላክ።

ዘውዴ


ሎንዶን፣ ክሮይደን፣ 20 ኦክቶበር 2024

ለአጎቴ ለጋሽ ዘውዴ፣

በሰላምታ ልጀምር ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ሰላም ለማለትም ፊት ያስፈልጋል፤ እኔ ፊት የለኝም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ፍቅርተማርያምን አገኘኋቸው። ለመስቀል አገር ቤት ገብተው ተመልሰው ነው። ሰው በተሰበሰበበት ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳው ወሰዱኝ። እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄ፣ ምን አድርገሃቸው ነው? አገር ሁሉ ስምህን ይዞ ይራገማል! 'ዛሬም ሳዶቅ መረቤን ቀደደው'፣ 'ሳዶቅ ታንኳዬን ያዘው'፣ 'ሳዶቅ ዓሣውን አፈነው'። እኔ መጀመሪያ በስምህ የሚጠራ ሽፍታ የተነሣባቸው መስሎኝ ነበር። ኋላ ሐይቁን አሳዩኝ። ከዳር እስከ መሐል አልጋ ይመስላል፤ ዶሮ ይራመድበታል። በሻንጣዬ የወሰድኩት ያ ነው? ከሕፃን ልብስ ጋር ያስተኛሁት?"

ዓይኔን ወደ ወለሉ ጣልኩ። እሳቸውም እጃቸውን ከክንዴ ላይ አነሡ። ጋሼ፣ ያ እጅ ሲነሣ የተሰማኝን አልረሳውም።

እርስዎ ግን አንድ ዓመት ሙሉ አልነገሩኝም። ጓንት ብቻ ጠየቁኝ።

እውነቱ ይህ ነው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ለትምህርት መጥቼ አንድ ዓመት ተማርኩና አቋረጥኩ፤ ኮርሱ ከበደኝ። ከዚያ ወዲህ ኤጀንሲ በላከኝ ቦታ ሁሉ ሠርቻለሁ። አሁን ሥራዬ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሼ ጭቃ ውስጥ መቆም ነው። ማንንም አላዝም። የሚያዘኝ ቤንጃሚን የሚባል እዚሁ የተወለደ የኛው አገር ልጅ ነው፤ በሃያ ስድስት ዓመቱ ሱፐርቫይዘር ሆኗል። ፎቶው ላይ ያለው ነጭ ቆብ የሱ ነው። ምሳ ሊበላ ሲሄድ አንሥቼ ራሴ ላይ አድርጌ፣ አንዱን ልጅ አንሣኝ አልኩት።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳቅ ነበር። የባሰውን ልንገርዎ። የምንተክላቸው ጥሩ ሣሮች በሳጥን ተቆጥረው ይመጣሉ፤ አንዷ ብትጎድል ይታወቃል። የኔ ሥራ መትከል አይደለም፤ ከመትከሉ በፊት ሐይቁን የወረረውን ሌላ ሣር መንቀል ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ አንድ ሰው ቤቱ በመስታወት ዕቃ ከሚያረባቸው ዓሣዎች ጋር አሳድጎ ሲሰለቸው ሐይቁ ውስጥ የደፋው ነው ይላሉ። የነቀልነውን አጥሩ ጥግ እንከምረዋለን፤ ደርቆ ይቃጠላል። በየቀኑ ስንወጣ ቤንጃሚን በር ላይ ቆሞ ይፈትሸናል። አንድ ቀን ቸኩዬ ሳልታጠብ ላልፍ ስል ያዘኝና፦

"ብሮ፣ ሊስን። ይሄ ነገር ሲሪየስ ነው። ዋን ፒስ፣ አንዲት ቁራጭ ቡት ጫማህ ላይ ተጣብቃ ከወጣች ሌላ ሐይቅ ፊኒሽ ነው። ቼክ አድርግ፣ ክሊን አድርግ፣ ድራይ አድርግ። ኤቭሪ ዴይ፣ ኦኬ?" አለኝ።

በየቀኑ ፈትሽ፣ እጠብ፣ አድርቅ ማለቱ ነው። ኦኬ አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት የእርስዎ ደብዳቤ መጣ። "አንድ እቅፍ" የሚለው። ከሳጥኑ መስረቅ ፈራሁ፤ አልችልም ብሎ መጻፍም አፈርኩ። ስለዚህ ቤንጃሚን በሌለበት ሰዓት ከክምሩ ገና ያልደረቀውን ወሰድኩ። ለእናንተ የላክሁት እኛ የምናቃጥለውን ነው፣ ጋሼ። ከውሃ በታች ያለ ሣር ሁሉ አንድ ነው፣ የፈረንጅ ጥንቃቄ መቼም አያልቅም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። አላወቅሁም ልል አልችልም። ተነግሮኝ ነበር።

ሁልጊዜ ባቡር ውስጥ ስቀመጥ ጥፍሬ ሥር ያለውን ጭቃ ሰው እንዳያይብኝ እጄን ኪሴ እከታለሁ። አሁን በሥራዬ ማፈሬ ምን እንዳደረገ አየሁ። በሥራዬ ባላፍር ኖሮ ልነግርዎ የምችለው እውነተኛ ነገር ነበረኝ፦ ይህን ሣር አይንኩት።

አንድ ነገር በአባቴ አጥንት እለምንዎታለሁ። ይህን ደብዳቤ በጉባኤ አያንብቡት።

ሳዶቅ


ጎሽ ውሃ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሳዶቅ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩ፣ በሁለተኛው አለቀስኩ፣ በሦስተኛው እንደገና ተናደድኩ። አሁንም አልበረደልኝም፤ በርዶልኛል ብልህ እዋሽሃለሁ።

ያልነገርኩህን ልንገርህ። ውሃው የጠራው አንድ ክረምት ብቻ ነው። ከዚያ ሣሩ ከሥር ተነሥቶ ውሃው ፊት ላይ ወጣ። በመቅዘፊያ ስንቆርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ ሌላ ቦታ ሄዶ በቀለ። ሌሊት ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ጭቃ የለመደው አምባዛ ዓሣ እንኳ ዳር ይወጣል። ሠላሳ ሁለት ከነበሩት ታንኳዎች የሚቀዝፉት አምስት ናቸው። ከሊቀመንበርነት አላወረዱኝም፤ ቢያወርዱኝ ይሻል ነበር። ሳልፍ ይቆማሉ፣ ጤና ይስጥልኝ ይላሉ፣ ከዚያ ይነጋገራሉ። ጆሮዬ ባይሰማም የሰው ከንፈር ላይ ስምህን ማንበብ ተምሬያለሁ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝና ማንን እወቅሳለሁ?

ለምን አልነገሩኝም ትላለህ። ምን ብዬ? እዚያ ፎቶ ፊት ለፊት ተቀምጬ "መድኃኒትህ ገደለን" ብዬ? ልጄ ያፍራል ብዬ ራሴ አፈርኩልህ።

አታንብበው ብለሃል። አላነበብኩትም። ሰው ግን ፖስታ እንደመጣ አይቷል፤ ዓባይም "ዛሬስ መሐንዲሱ ምን አዘዘ?" ብላኛለች። ውሸቱን ከፍ ባለ ድምፅ አንብቤ እውነቱን ትራሴ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ተኝቼበት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ ደግሞ ራሴ ትራስ ሥር ያስቀመጥኩት ሌላ ወረቀት አለኝ። ሁለት ከበደኝ።

አንተን ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ አላስገድድህም። ይነበብ ወይስ ይቅር፣ ምረጥ።

ዘውዴ


ሎንዶን፣ 12 ጃንዋሪ 2025

ለአጎቴ ለጋሽ ዘውዴ፣

ልደትን ብቻዬን አከበርኩ። እንደ ድሮው እንዲመርቁኝ አልጠይቅም፤ ሲገባኝ ይመርቁኛል።

ያንብቡት። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ ስለ ቆቡም ጭምር። "አያንብቡት" ያልኩትንም ያንብቡት።

ለቤንጃሚን ነገርኩት። መጥረጊያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። "ብሮ፣ ዛት ኢዝ ሪሊ ባድ፣ በጣም መጥፎ ነው" አለ፤ ከሥራ ያባርረኛል ብዬ ስጠብቅ ሁለት ቀን ሌላ ጥግ ሄዶ ሠራ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ "ውሃው ምን ያህል ዲፕ ነው፣ ጥልቀቱ?" አለኝ። ያሳየኝ ነገር ይህ ነው፤ እኛም ከሐይቁ አንድ ጥግ ላይ ሠርተነዋል። ጆንያ ነው ጋሼ። የፕላስቲኩ አይደለም፤ የቃጫው፣ እህል የሚገባበት። ተተርትሮ፣ እርስ በርሱ ተሰፍቶ፣ ድንጋይ ታስሮበት ወለሉ ላይ ይነጠፋል። ሣሩ ከሥር ብርሃን አጥቶ ይሞታል፤ ጭቃውም አይታወክም። ቃጫው እያደር ይበሰብሳል፤ ያገሬው ሣር ዘር ካለ በቀዳዳው አልፎ ይወጣል። ጆንያ የማይደርስበት በእጅ ከነሥሩ ይነቀላል። አይቆረጥም። ሲነቀል ዙሪያው በመረብ ይታጠራል፣ ቁራጭ እንዳያመልጥ።

ነገር ግን ከኔ ቃል ተነሥታችሁ አንዲት ጆንያ እንዳታነጥፉ። መጀመሪያ ኃይለመለኮትን ጠይቁት። እምቢ ካለ እምቢ ነው።

ሥራው የዓመታት ነው። የስድስት ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። ለዳግማይ ትንሣኤ ልምጣ ወይ? መሐንዲስ ሆኜ አይደለም። ይህን ሣር በእጄ ስነቅል አራተኛ ዓመቴ ነው፤ በዓለም ላይ በደንብ የማውቀው ሥራ እሱ ብቻ ነው። አይምጣብን ካሉም ይገባኛል።

ሳዶቅ


ጎሽ ውሃ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳዶቅ፣

እግዚአብሔር መንገድህን ይባርክ። ይህችን ምርቃት ከዓመት በላይ ከልክዬህ ነበር፤ ዛሬ ሰጠሁህ።

እሑድ ማኅበሩ በሙሉ ባለበት ሁለቱንም ደብዳቤ አነበብኩ። ድምፄ ለራሴ ስለማይሰማኝ በልኩ ይሁን ከዚያ በላይ ልጩህ አላውቅም፤ ሳባ ግን "አባዬ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ተሰምቷል" ብላኛለች። "እኛ የምናቃጥለውን ነው" የሚለው ላይ ስደርስ አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ ወጣ። አላቆምኩም። ስለ ቆቡም አነበብኩ። የሳቀ የለም።

ስጨርስ መቀመጥ ነበረብኝ። አልተቀመጥኩም። ከኪሴ ያንን ሌላ ወረቀት አወጣሁ፤ ኃይለመለኮት ሣሩ ከመተከሉ በፊት የጻፈልኝን። "ሣሩ በገንዳ ስድስት ወር ሳይታይ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ" ይላል፤ ማኅተም አለበት። ወረቀቱን አጥፌ ደብቄ፣ እሱ በሌለበት ለጉባኤው "ባለሙያው ፈቅዷል" ያልኩት እኔ ነኝ። ቄሱንም ያስጸለይኳቸው በዚያ ውሸት ላይ ነው። ያንተን ደብዳቤ ሁሉ ሳነብላቸው የሱን አንድ ቀን አላነበብኩላቸውም። እሱንም አነበብኩ። ከዚያ "ከዛሬ ጀምሮ ሣሩን ግማሹን ዘውዴ በሉት" አልኳቸው።

ከዚያ የዓባይን ከንፈር አየሁ። "ስሙማ ሞልቷል፤ የሚነቀልበትን ቀን ንገሩን እንጂ" ትላለች። ሊቀመንበርነቱን አስረከብኩ፤ ማንም አትተው አላለኝም። ልክ ናቸው። ኃይለመለኮት ደግሞ ነቀፋ ይጀምራል ብዬ ስጠብቅ እስክሪብቶ አወጣና "ጆንያው ስንት ክንድ ስፋት አለው?" ብሎ ጻፈልኝ። መጀመሪያ በታንኳ ማሰሪያው በኩል በትንሹ ይሞከራል፤ ከወንዙ መግቢያ የራሳችንን ሣር አምጥቶም በገንዳ ጀምሯል። ሴቶቹ ጆንያ እየተረተሩ ነው። እኔም እሰፋለሁ፤ ለዚያ ጆሮ አያስፈልግም።

ፎቶህን ከግድግዳው አወረድኩት። ባዶው ቦታ ላይ ሚስማሩ ቀርቷል።

ና። ሁሉም ደስ ብሎት አይቀበልህም፤ አንዳንዱ ፊቱን ያዞርብሃል፤ ቻለው፣ እኔም ችዬዋለሁ። ያንን የጎማ ሱሪህን ይዘህ ና፤ እዚህ የለም። ግን አደራህን፣ ከመነሣትህ በፊት እጠበው፣ አድርቀው፣ ስፌቱን አንድ በአንድ በጣትህ ፈትሸው። ከዚያ ቤንጃሚን የተባለው ልጅ ደግሞ ይፈትሽልህ።

አጎትህ ዘውዴ